ሞተሩን መጨረሻ ላይ ምረጡት

ለወጣት መካኒኮችና መኪና ወዳዶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዴንቨር ደወለልኝ። ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ቁልፍ መያዝ የጀመረ ልጅ ነው። አሁን እዚያ ጋራዥ ይሠራል፤ ትንሽ ገንዘብም ቋጥሯል። የሼልቢ ኮብራን ቅርጽ የያዘች፣ ጣሪያ የሌላት ባለሁለት ወንበር መኪና ከነሻንሲዋ ገዝቷል። የቀራት ሞተር ብቻ ነው። “ጋሼ፣ ቢግ ብሎክ ላሠራላት ነው፤ የቱ ይሻለኛል?” አለኝ። ቢግ ብሎክ የሚሉት ትልቁን የአሜሪካ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ነው።

የመለስኩለትን ለእናንተም ልጻፈው አልኩ። እዚህ ደሴና ኮምቦልቻም ቪትዝ ላይ፣ አሮጌ ኮሮላ ላይ፣ ፎልስ ላይ ትልቅ ሞተር ልጫን የሚል ወጣት ጠፍቶ አያውቅም። መኪናው ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው።

ፍላጎቱን አልነቅፍም። ትልቅ ሞተር ትንሽ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ መስማት ደስ ይላል። ኮብራም የተወለደችው ከዚሁ ፍላጎት ነው። ካሮል ሼልቢ የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ተወዳዳሪ፣ ኤሲ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሚሠራትን ቀላል መኪና በፎርድ ቪ8 ሞተር አስታጠቃት። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣችው ኮብራ 4.2 ሊትር ነበረች፤ ቀጥሎ 4.7 ሆነች። በ1965 ባለ 7 ሊትሩ 427 (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው) ሲመጣ ግን ሞተር ብቻ ቀይረው ዝም አላሉም። ሻንሲው እንደ አዲስ ተሠራ። ዋናዎቹ ቧንቧዎች ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች ወፈሩ። ባሊስትራው ወጥቶ ሞላ ገባ። እናንተ በስልካችሁ የምታዩት ሞተሩን ነው። ሥሩ ያለውን ሥራ ማንም ቀርጾ አያሳያችሁም።

ልጁ ሊያሠራበት ካሰበው ቤት የተሰጠውን የሙከራ ወረቀት በቴሌግራም ላከልኝ። 600 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ6,500 ዙር ይላል። አጉልቼ አየሁት። መስመሩ የሚጀምረው ከ3,500 ዙር ነው፤ ከዚያ በታች ምንም የለም።

“ከተማ ውስጥ ስትነዳ ስንት ዙር ላይ ነህ?” አልኩት።

ትንሽ አሰበና “2,000፣ ቢበዛ 2,500” አለኝ።

እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ይሄን ነው ለሁላችሁም የምለው። የመንገድ መኪና ሞተር በጫፉ ቁጥር አይመረጥም። ጠዋት እንዴት ይነሳል? መብራት ላይ ቆሞ ዙሩ ይረጋጋል ወይስ ይንገጫገጫል? ቤንዚን በቀስታ ስትሰጡት ይታዘዛል ወይስ ይዘላል? ሞተርም እንደ ሰው አመል አለው። አብራችሁ የምትኖሩት ከአመሉ ጋር ነው።

ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ተስተካክሎ የሚጻፍ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ካርቡሬተር ያለው መኪና ከአፋር ቆላ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ካንዴላው የሚጠቁረውም ለዚሁ ነው። ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ያንሰዋል። ዴንቨር ያለውም ልጅ ካርቡሬተሩን ለቦታው ማስተካከል አለበት። ከሱቅ እንደወጣ ልግጠመው ቢል ቤንዚን ሲያጨስ ይውላል።

የቢግ ብሎክ ትልቁ ጸጋ ከታች ጀምሮ መጎተቱ ነው። ሳይጮህ ይጎትታል። ታዲያ ይህን ጸጋ በውድድር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ማበላሸት ምን ይሉታል? ካምሻፍቱ ልከኛ ይሁን አልኩት። ከመጠን ያለፈ ካምሻፍት፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል (ቫኪዩም) ያዳክመዋል። የፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁን የሚያግዘው ክፍል) የሚሠራው ደግሞ በዚያ ስበት ነው። ሞተሩ ጎበዝ ሆኖ ፍሬኑ ድንጋይ ሲሆን አስቡት። ኮምፕሬሽኑም (ሲሊንደር ውስጥ ያለው የሚጨመቅበት መጠን) ከማደያው ቤንዚን ጋር ይስማማ። እዚያ የሚያገኘው ጥሩው ቤንዚን 91 ኦክታን ነው። የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ካለው 10 ለ 1 ገደማ ይበቃዋል፤ ብረት ከሆነ ከዚያም ዝቅ ይበል።

ክብደትን በተመለከተ ሐሳቤን ሳልደብቅ ነገርኩት። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ቢግ ብሎክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትንሹ የፎርድ 302 ደግሞ 210 ገደማ ነው። መኪናዋ ራሷ ከ1,100 ኪሎ ብዙም አታልፍም። ትርፉ 90 ኪሎ የሚያርፈው አፍንጫዋ ላይ ነው። መሪው ይከብዳል፤ መታጠፊያ ላይ ፊቷ ወደ ውጭ ይሄዳል። ዛሬ ግን 351 ዊንድሰር የሚባለውን የፎርድ ሞተር በጠንካራ አዲስ ብሎክና በረዘመ የፒስተን ጉዞ 427 ኪዩቢክ ኢንች ማድረስ ይቻላል። ያው 7 ሊትር ነው፤ ክብደቱ ግን በጣም ያነሰ። እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ። ልቡ የግድ የድሮውን ትልቁን ካለ ግን አልከለክለውም። ቴስታታውና የአየር ማስገቢያው አሉሚኒየም ይሁን። ሼልቢ ራሱ በርከት ያሉ የመንገድ ኮብራዎች ውስጥ የጨመረው 427ን ሳይሆን ረከስ የሚለውን 428ን ነው። ስለዚህ 428 ማስገባት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ወደ እኛው ሐረጎ ዳገት ልመልሳችሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 600 ሜትር ያህል ግን ሽቅብ ትወጣላችሁ። ዕቃ የጫነ ሲኖትራክ ፊታችሁ ይገባል። መታጠፊያው ስለሚበዛ መቅደም አይሞከርም። በሁለተኛ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት ትከተሉታላችሁ። ያኔ ራዲያተሩን የሚያገኘው ንፋስ ቬንትሌተሩ የሚስበው ብቻ ነው። የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ይነሳል። ከራዲያተሩ ዳርና ዳር ክፍተት ካለ ቬንትሌተሩ የሞቀውን አየር ራሱን መልሶ ያዞራል። ላሜራ ቆርጣችሁ ክፍተቱን ስትደፍኑት መርፌው ተመልሶ ይወርዳል። የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁ። ደሴ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው ግፊቱን የያዘው ክዳን ነው። ስንቱ ሞተር ያወርዳል፣ ስንቱ ቴስታታ ያስቀይራል፤ ጎማው የደረቀውን ክዳን ግን የሚያየው የለም።

ዴንቨር ሐረጎ የለም ብላችሁ እንዳታስቡ። መንገድ ሲዘጋጋ ያው ነው። ባለ 7 ሊትር ሞተር ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲቆም ሙቀቱ ወደ ሾፌሩ እግር ይመጣል። ኮብራ የሚነዱ ሰዎች እግራችን ተቃጠለ የሚሉት ለዚህ ነው። የሙቀት መከላከያው መሠራት ያለበት ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ነው። ከገባ በኋላ እጅ የሚያስገባ ቦታ አይገኝም።

ቁልቁለቱን ደግሞ እዚህ ያደገ ያውቀዋል። ማርሽ ይዞ የማይወርድ ሾፌር ታች ሲደርስ የፍሬን ሸራው ይሸታል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ስታከፋፍሉ መጀመሪያ ለፍሬን፣ ቀጥሎ ለጎማ፣ ለራዲያተር፣ ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል መድቡ። የተረፈው ምን ሞተር እንደሚገዛ ያኔ ታውቃላችሁ። ልጁ በዚህ አልተደሰተም። ግን የፍሬኑን ዋጋ ጠይቆ መልሶ ደወለልኝ።

እዚህ ያላችሁት ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ይጻፋል። ሳታስፈቅዱ ቀይራችሁ ቦሎ ልታወጡ ስትሄዱ ጣጣ ውስጥ ትገባላችሁ። መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ነገር አዲስ ሞተር ማስነሳት ነው። ታፔቱ (ካምሻፍቱ የሚገፋው ክፍል) ዝርግ ከሆነ፣ ሞተሩ ከተነሳባት ደቂቃ ጀምሮ ለ20 ደቂቃ ያህል ከ2,000 ዙር በላይ መሥራት አለበት። ዘይቱም ዚንክ የበዛበት ይሁን። ጓደኛ ጠርቶ ቪዲዮ እየቀረጹ በዝቅተኛ ዙር ማንጎራጎር ካምሻፍቱን ያስበላል። ባለ ሮለር ታፔት ቢያደርገው ከዚህ ሥጋት ይገላገላል፤ ዋጋው ወደድ ቢልም እሱን ይግዛ ብዬዋለሁ። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ይቀይር። የወጣውን ፊልትሮ እንዳይጥለው። ቆርቆሮውን ቆርጦ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ፀሐይ ላይ ይየው። ማግኔትም ያስጠጋበት። ጥቂት ብናኝ አያስደነግጥም። የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ከበዛ ግን ቁልፉን ነቅሎ ይደውልልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።