ሸርጣኑ አልሞተም፣ ቅርፊቱን ጥሎ ነው

ከወንዝ ያመጣኸው አንድ ሸርጣን ጠዋት ሁለት ሆኖ፣ አንዱም ሞቶ ስላገኘኸው፦ የሞተ የለም። «ሬሳው» አሮጌ ቅርፊቱ ነው። አንሳና እየው፣ ከኋላ ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ቅርፊቱ ከአካሉ ጋር ስለማያድግ እየጣለ አዲስ ያወጣል።

1. ቅርፊቱን አትጣልበት። ይበላዋል፣ ካልሲየሙን መልሶ ያገኝበታል።
2. ሌላ ሸርጣን ካለ ለይ። ገላው ለስላሳ ሳለ ዘመዱም አይምረው።
3. መደበቂያ ድንጋይ አስገባለት፣ በእጅህ አትንካው። ጥቂት ቀን ባይበላም አትደንግጥ።

አንዱ መቆንጠጫው አንሷል ያልከው ተቆርጦበት እንደገና እየበቀለ ይሆናል። ቅርፊት በጣለ ቁጥር እያደገ ይሄዳል።

ክሬይፊሽ (የሸርጣን ዘመድ የሆነ የወንዝ እንስሳ) ይሆን ላልከው፣ አይደለም። ክሬይፊሽ ረጅም ጅራት አለው፣ በአፍሪካ ዋና ምድርም በተፈጥሮ አይገኝም፤ ማዳጋስካር ላይ ግን አለ። ጅራቱ ሆዱ ሥር ታጥፎ ወደ ጎን የሚሄደው ያንተው የጎጃም ወንዝ ሸርጣን ነው።

አንድ ነገር ግን፣ ገንዳውን ክደነው። ሌሊት ወጥቶ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት አንዱ ጠፍቶ ምጣድ ሥር ተገኝቷል፣ እናቴ እስካሁን ታነሳብኛለች። አየር የሚያስገባ ወንፊት ድፋበትና ድንጋይ ጫንበት።