ሒሳቡ ይቅደም

ውድ እኅቴ፣

ከሐዋሳ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አንደኛ ዓመትን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ ነው። በሒሳብም በፊዚክስም መመረቅ ትፈልጊያለሽ፤ አባትሽ ግን «ሁለቱም እንጀራ አያበሉም» ብለውሻል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ አብሮ የመጣው የኮርስ ዕቅድሽ ነው።

ካልኩለስን በጥብቅ ማረጋገጫ የሚያስተምረውን ሪል አናሊስስን፣ የኤሌክትሪክና የማግኔት ፊዚክስ የሆነውን ኤሌክትሮዳይናሚክስን፣ እንዲሁም የአቶምን ዓለም የሚያጠናውን ኳንተም ሜካኒክስን አንድ ሴሚስተር ላይ ደርድረሻቸዋል። እባክሽ ይህን አታድርጊ። ኤሌክትሮዳይናሚክስ ገና ሲጀመር የቬክተር ካልኩለስ መሣሪያዎችን፣ ማለትም ዳይቨርጀንስና ከርልን፣ የጋውስንና የስቶክስን ቲዎረም እንደምታውቂ ቆጥሮ ነው የሚሄደው። ኳንተምም ያው ነው። የኳንተም ዋና እኩልታ የሆነውን የሽሮዲንገር እኩልታን ፈትተሽ የኢነርጂ መጠኖቹን አውጪ ስትባዪ፣ የምትፈልጊው ሊኒየር አልጀብራ ላይ ያየሽውን አይገንቫልዩ (ማትሪክሱ አንዳንድ ቬክተሮችን የሚያባዛበትን ቁጥር) ነው፤ በማትሪክሱ ቦታ ኦፕሬተር ገባ እንጂ። ሊኒየር አልጀብራን ቀመር ሸምድዶ ያለፈ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ፊዚክሱ የከበደው ይመስለዋል፤ የጎደለው ግን ሒሳቡ ነው። ስለዚህ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሁለተኛ ዓመት ላይ ይጠናቀቁ። ሪል አናሊስስን ደግሞ ከኤሌክትሮዳይናሚክስ ለዪው። ሪል አናሊስስ ላይ የሚገጥምሽ አንድ የኤፕሲሎን-ዴልታ ማረጋገጫ ምሽትሽን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ።

በእኛ አገር አሠራር የምትመደቢው አንድ ዲፓርትመንት ነው፤ የመውጫ ፈተናም የምትቀመጪው በዚያው ትምህርት ነው። እኔ ብሆን ሒሳብ እመዘገባለሁ። በሒሳብ ተመርቄ ባንክ የብድር ሥጋት ክፍል ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ሒሳብ የያዘ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር እንደሚቀለው እዚያ አይቻለሁ። ፊዚክስ ክፍል ሄደሽ ኃላፊውን አነጋግሪ፤ መካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስና ኳንተምን በተጨማሪነት መውሰድ ካልተፈቀደልሽ ክፍል ገብተሽ ተከታተዪ፣ የቤት ሥራውንም ሥሪ።

አባትሽ የሰጉት ስለሚወዱሽ ነው፤ ነገር ግን ተሳስተዋል። በምህንድስና ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ በሰፈራችሁ የለም ወይ? ያንን ጠይቂያቸው። እርግጥ የመጀመሪያ ሥራሽ ማስተማር ሊሆን ይችላል፣ ደመወዙም ትንሽ ነው። በሌላ በኩል ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ትሪየስት፣ ጣሊያን ላይ የመሠረተው የቲዮሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች የሚመረጡ ምሩቃንን ወጪያቸውን ችሎ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ያስተምራል፤ ሒሳብም ፊዚክስም አለው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው፣ መማሪያ መጽሐፉን በየቀኑ ሁለት ሁለት ገጽ አንብቢ።

የምርጫ ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት አዲሱን ዕቅድ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።