ሲበርድ የሚጮኽ ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንተ አይደለም፣ በራሴ ነው። «ጠዋት ጠዋት የሞተሬ ኪሎሜትር ቆጣሪ እንደ ወፍ ይጮኻል፣ ቀስቱ 20 እና 60 መሃል ይዘላል፣ ፀሐይ ሲወጣ ጸጥ ይላል። መካኒኩ ሙሉውን ቀይረው አለኝ፣ ልቀይር ወይ?» ነው ያልከው። አትቀይር። ቢያንስ ገና ነው።

እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው፣ በእንስሳት ጤና። ከተማዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ስነሳ የሞተሩ ወንበር ላይ አመዳይ ተጋግሮ አገኛለሁ፣ በካርቶን ነው የምፍቀው። ከሦስት ዓመት በፊት የእኔም ቆጣሪ ልክ እንዳንተው ጀመረው። ጭውውው! ከግቢ ስወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይከተለኛል።

አንድ ቀን ክትባት ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ጣርማበር ዋሻው ጋ ስደርስ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ደብረ ሲናን አልፌ ቁልቁለቱን ስያያዘው እየቀነሰ ሄደ። ቆላው ጋ ስደርስ ጭራሽ የለም። እዚያ ላለ መካኒክ ባሳየው፣ ጎማውን አንስቶ ቢያሽከረክረው ዝም። «ወንድም፣ ጆሮህን ታየው» አለኝ። ስመለስ ጣርማበር ላይ እንደገና ጭውውው! ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ዕቃው አልተሰበረም፣ በርዶታል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ከፊት ጎማው ያለች ጥርስ ካቦውን፣ ማለትም በልባስ ውስጥ የሚዞረውን የሽቦ ገመድ፣ ታሽከረክራለች፣ ካቦው ደግሞ ቆጣሪው ውስጥ ያለች ትንሽ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቷ ቀስቱ የተያያዘባትን የአሉሚኒየም ቆብ አትነካትም፣ በማግኔት ኃይል ብቻ ትጎትታታለች። አንድ ቀጭን ጥምዝ ሽቦ ደግሞ ወደ ኋላ ይስባታል። ስለዚህ የሚነካካው፣ የሚጮኸውም፣ ማግኔቷን የተሸከመችው ዘንግ የምትዞርበት የነሐስ ቀለበት፣ ቡሽ የሚሉት፣ ነው። በዓመታት ውስጥ አቧራ ይጠጣል፣ ዘይቱ ያልቃል። የተረፈችው ጥቂት ዘይት በብርድ እንደ ጠዋት ቅቤ ትረጋለች። ዘንጓ ለስላሳ መዞሯን ትታ ያዝ ለቀቅ ትላለች። ጩኸቱም የቀስቱ መዝለልም ከዚሁ ነው።

ግን መጀመሪያ ከየት እንደሚጮኽ ለይ። ይህን ማድረግ ያለብህ ጠዋት 12:30 ላይ ነው። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ብትሞክረው የእኔን የቆላ መካኒክ ሆንክ ማለት ነው። ከቆጣሪው ሥር ያለችውን ክብ ብሎን በእጅህ ፍታት፣ ካልሆነ በፒንሳ ቀስ ብለህ። የውስጡን ካቦ ሙሉ በሙሉ ምዘዘው፣ ከዚያ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለህ ዞር በል። ጸጥ ካለ ጥፋቱ ካቦው ወይም ቆጣሪው ላይ ነው። አሁን የካቦውን ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ ቆጣሪው ሥር ሰክተህ በጣትህ አሽከርክረው። ሲጥ ሲጥ ካለ አገኘኸው።

ካቦውንም ሳታይ አትመልሰው። ሁለቱን ጫፍ ይዘህ መሃሉን እንደ ገመድ አርግበውና አንዱን ጫፍ በቀስታ ጠምዝዘው። ሌላው ጫፍ እኩል ከዞረ ደህና ነው። እምቢ ብሎ ቆይቶ ዘለል ካለ ታጥፏል፣ ያኔ ካቦውን ብቻ ቀይር። ደህና ከሆነ በላምባ እጠበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ስስ ግራሶ ቀባው። በጣትህ መሃል አሳልፈህ የሚቀረው ይበቃል። ከላይ በኩል አንድ ስንዝር የሚሆነውን ደረቁን ተወው። ካቦው ሲሽከረከር ግራሶውን ወደ ላይ እየሳበ ቆጣሪው ውስጥ ያስገባዋል። የካቦው ልባስ መሪውን እስከ ዳር ስትጠመዝዝ የሚታጠፍ ከሆነም አካሄዱን አስተካክል።

አሁን ወደ ቆጣሪው። እዚህ ላይ ነው እኔ ጉድ የሆንኩት። ችኩል ነኝና የሞተር ዘይት በካቦው ቀዳዳ አንቆረቆርኩበት። ጩኸቱ ያኔውኑ ቆመ፣ እኔም ጀግና ነኝ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት በ40 እየሄድኩ 80 ይለኛል! ዘይቱ ማግኔቷና ቆቧ መሃል ገብቶ ቆቧን አብሮ ይጎትታታል፣ ሲበርድ ወፍሮ ይብሳል። መስታወቱም ከውስጥ በዘይት ደመነ። እሱን ፈትቶ ማጽዳት አንድ ሙሉ እሁድ በላብኝ፣ ቀስቷንም ልሰብራት ምንም አልቀረኝ።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ቆጣሪውን ፍታና ገልብጠው፣ ቀዳዳው ወደ ላይ ይሁን። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ፈልግ፣ ቀጭን ስለሆነ በብርድ ቶሎ አይረጋም። በሲሪንጅ ዘንጓ ከቡሹ የምትገባበት ቦታ ላይ አንድ ጠብታ። አንድ። (ለከብት የምጠቀምበት መርፌ ወፍራም ነው፣ ከፋርማሲ ቀጭኑን ግዛ።) በካቦው ጫፍ ትንሽ አሽከርክራት፣ እንደገና ግማሽ ጠብታ ጨምር፣ ከዚያ እንደተገለበጠ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ተወው። ቡሹ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። የተረፈውን በጨርቅ ጠርገህ ግጠም። እኔ ይህን ካደረግኩ ሁለት ክረምትና ሁለት የታኅሣሥ ብርድ አለፈ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደገምኩት።

በሳምንቱ እንደገና ከጮኸ ግን ቡሹ ተበልቷል፣ ዘይት አያድነውም። ያኔ መካኒክህ ልክ ነው፣ ደህና ሰልባጅ ፈልግ። እስኪገኝ ካቦውን አውጥተህ ንዳ። ዘንጓ ድርቅ ብላ ከያዘች ካቦውን ትበጥሰዋለች፣ ታች ያለችውንም ጥርስ ልትበላት ትችላለች።

ጥርሷን ግራሶ ልቀባ ካልክ ደግሞ ተጠንቀቅ። ያንተ ሞተር የፊት ፍሬኑ ባለ ከበሮ ነው ብለሃል። ጥርሷ ያለችው የፍሬን ጫማዎቹ የታሰሩበት ሳህን ላይ ነው። ግራሶ ካበዛህ ፓራሊዮዋን (ግራሶ እንዳያልፍ የምታግደውን የጎማ ቀለበት) አልፎ ጫማዎቹ ላይ ይሄዳል፣ ፍሬን የለህም ማለት ነው። የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች።

ካቦውን አውጥተህም ጩኸቱ ካልቆመ ነገሩ የቆጣሪ አይደለም። ጎማውን ከመሬት አንስተህ አሽከርክርና ጆሮህን ፔርኖው (በጎማው መሃል የሚያልፈው ብረት) ጋ አስጠጋ። ከርከር የሚል ድምፅ ካለ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነው፣ እሱን ዛሬውኑ አሳየው።