ክፍል ውስጥ ኩፍኝ ገባ ሲባል ትምህርት ቤቱን ምን እንጠይቅ?

"ስሜ ይቅር" ብለሽ የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። እዚህ ሐዋሳ ኬጂ 2 የምትማር ልጅ አለችሽ። ከክፍሏ አንዷ ልጅ ኩፍኝ ወጣባት የሚለውን ወሬ የሰማሽው ከሰርቪስ ሹፌሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ትንፍሽ አላለም። ሚሷ ደግሞ ከሰነበተ ሳል ጋር ነው የምታስተምረው። "ልጄን ላስቀራት? ትምህርት ቤቱስ ሊነግረን አይገባም ነበር?" ነው ያልሽው። ቤት ውስጥም የ7 ወር ሕፃን አለሽ።

እኔ መጀመሪያ የኬጂ መምህርት፣ ኋላም ዩኒት ሊደር ሆኜ በግልም በመንግሥትም ትምህርት ቤት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ በሽታው የምልሽ ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጋር ስንሠራ የያዝኩትን ነው። ስለ ትምህርት ቤት ጓዳ ግን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ከአስቸኳዩ ልጀምር። ዛሬውኑ የክትባት ካርዷን ፈልጊ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር እና በ15 ወር ይሰጣል። ሁለቱንም ወስዳ ከሆነ ተረጋጊ፣ ትምህርቷን ትቀጥል። አንዱ ከጎደለ፣ ወይም ካርዱ ጠፍቶ እርግጠኛ ካልሆንሽ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ያልተከተበ ልጅ ከታመመ ልጅ ጋር በተገናኘ በ72 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ካገኘ፣ በሽታው ሊቀርለት ወይም ሊቀልለት ይችላል። ሦስት ቀን ብቻ! ትምህርት ቤት "እስቲ ይጣራ" እያለ ሳምንት ሲያስቆጥር ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። ያ ወሬ በሹፌሩ በኩል እየተንቀራፈፈ እስኪደርስሽ ድረስ ሰዓቱ ይቆጥራል።

ኩፍኝ ክፉነቱ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ መተላለፍ መጀመሩ ነው። ከወጣ በኋላም ለ4 ቀን ይተላለፋል። ስለዚህ ልጅቷ ሽፍታ ወጥቶባት ቤት ስትቀር ክፍሉ ቀድሞ ተጋልጧል። ቫይረሱ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ለ2 ሰዓት ያህል አየር ላይ ይቆያል። "ከእሷ አጠገብ አታስቀምጡብኝ" ማለት ምንም አይፈይድም። አንቺ የምትጠብቂው ከተጋለጠች በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የሚመጣውን ምልክት ነው። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይመጣል። ሽፍታው ከዚያ በኋላ ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ትኩሳቱን እንዳየሽ አስቀሪያት፣ ሽፍታውን አትጠብቂ።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። በእኛ ሰፈር ፊት ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ኩፍኝ ይባላል። ውሃ የቋጠረ፣ የሚያሳክክ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው የሚወጣ ከሆነ ጉድፍ ሊሆን ይችላል። ጉድፍ ሲሆን ልጁ የሚመለሰው የወጣው ሁሉ ቅርፊት ይዞ ሲደርቅ ነው። ትኩሳት ለማውረድ ብለሽ አስፕሪን እንዳትሰጪ፣ ለልጅ አደገኛ ነው። ኩፍኝ ከሆነ ደግሞ ልጅን ጨለማ ክፍል ዘግቶ "ይውጣለት" ብሎ መጠበቅ አይበቃም። ጤና ጣቢያ ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ኩፍኝ የዓይን ብርሃን ሊወስድ ይችላልና ይህን የሚያህል ነገር በቸልታ አይታለፍም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ትምህርት ቤቱ ለምን ዝም አለ?

እኔ ያየሁት ይህን ነው፦ ትምህርት ቤት ውስጥ በሽታ የሚዛመተው ሁሉም የሚደብቅበት ምክንያት ስላለው ነው። ወላጅ ይደብቃል። መምህር ይደብቃል። አስተዳደሩም ይደብቃል። የደበቀውን ሁሉ ግን ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም፣ መናገር ብዙ ስለሚያስከፍለው ነው።

ወላጅን እንይ። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ልጆች ስቀበል ከንፈሩ ዳር ሮዝ የሽሮፕ ምልክት የደረቀበት ልጅ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። አንድ ሰዓት ላይ ፓራሲታሞል ተግቷል። ሁለት ሰዓት ላይ እየዘለለ ይገባል። እረፍት ወጥቶ ምሳ ዕቃውን ሳይነካው ይመለሳል። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ መድኃኒቱ ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ይላል፣ ግንባሩ ይፋጃል። ተሸክመን "ክሊኒክ" ወደምንለው ክፍል እንወስደዋለን። ክሊኒክ ስል አልጋ፣ ቴርሞሜትርና የጠመኔ ካርቶን ያለበት ክፍል ማለቴ ነው። ከዚያ ስልክ እንደውላለን። እናት አታነሳም፣ ሥራ ላይ ናት። አባት "ጠዋት እኮ ደህና ነበር" ይላል።

እናቲቱን ብትጠይቂያት መልሷ ግልጽ ነው። ከሥራ ስትቀር ደመወዝ ይቆረጥባታል። ልጁ ከቀረ ፈተናው ያመልጠዋል፣ ዜሮ ይያዝበታል፣ ደረጃው ይወርዳል። ይኸ የደረጃ ነገር፣ በኬጂ ልጅ እንኳ፣ ስንቱን አሳበደው! በዚያ ላይ ሲመለስ "የሐኪም ወረቀት አምጣ" ይባላል። ለተራ ጉንፋን የግል ክሊኒክ ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ማኅተም አስመትቶ መምጣት ገንዘብም ጊዜም ነው። ለኩፍኝ፣ ለቲቢ ወይም ለእንደዚህ ያለ ከባድ ነገር ወረቀት መጠየቅ ተገቢ ነው። ለሁለት ቀን ትኩሳት ግን ወላጅን ዋሽ ማለት ነው።

መምህሯ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። በየግል ትምህርት ቤቱ ተተኪ መምህር የለም። አንዷ ከቀረች ሁለት ክፍል ይደባለቃል፣ ባልደረቦቿ ያጉረመርማሉ፣ ዳይሬክተሩ ፊቱን ያጠቁራል። ስለዚህ ዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች። የግል ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ብታነቡ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ ከዚያ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። እርግጥ የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል፣ ለአሠሪውም በቀረችበት ማግስት ማሳወቅ አለባት። "ታምሜ ብቀር ያባርሩኛል" ብላ የምታስተምር ሴት ይህን ብታውቅ ጥሩ ነው።

የልጅሽን ሚስ በተመለከተ፣ የኬጂ መምህር ጉሮሮ ከጠመኔና ከጩኸት ጋር ሲታገል የሚውል ስለሆነ ሳል ሁሉ በሽታ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ግን ለቲቢ መመርመር አለበት። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ሕክምናው ነጻ ነው። ቢገኝባት እንኳ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። ተራው ቲቢ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ መተላለፉን ያቆማል፣ መቼ እንደምትመለስ ሐኪሙ ይወስናል። አብረዋት የዋሉ ልጆችም ይታያሉ። ይህን ስትጠይቂ ለእሷ እንደምታስቢ ሆነሽ ጠይቂ። "ሚሷን አባርሩልን" የሚል የወላጅ ጩኸት ከተነሳ ቀጣዩ ሳል የሚታፈነው በሻርፕ ነው። በነገራችን ላይ ነፍሰ ጡር የሆኑ መምህራን ክፍላቸው ውስጥ ሽፍታ ያለበት ልጅ ካጋጠማቸው በዚያው ቀን ሐኪማቸውን ቢያማክሩ ይሻላል። ኩፍኝም ጉድፍም ለእነሱ ቀላል አይደሉም።

አስተዳደሩ የሚደብቀው "ስማችን ይጠፋል፣ ምዝገባ ይቀንሳል" ብሎ ነው። እኔ ግን ተናግሮ ተማሪ የሸሸበት ትምህርት ቤት አላየሁም። ተደብቆ ሲታወቅ ግን ወላጅ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ነው የሚመጣው። ኩፍኝ እንደተጠረጠረ ወዲያው ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። ዳይሬክተሩ ማድረግ ያለበት ለጤና ጣቢያው መደወልና ለክፍሉ ወላጆች በዚያው ቀን በመልዕክት ደብተርም በቴሌግራምም መላክ ነው። ያን ያህል ከባድ ጽሑፍ አይደለም፦

"ውድ የኬጂ 2 ወላጆች፣ በክፍላችን የኩፍኝ ምልክት የታየበት ልጅ አለ። እባክዎ የልጅዎን የክትባት ካርድ ዛሬ ይመልከቱ። ያልተሟላ ከሆነ በአስቸኳይ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ትኩሳት ያለበት ልጅ ቤት ይቆይ። ያመለጠው ፈተና ሲመለስ ይሰጠዋል።"

ስም የለበትም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በይልኝ። በአንድ ትምህርት ቤት እሷን መጻፍ ስንጀምር ጠዋት ደውለው "ልጄ አሞታል፣ አይመጣም" የሚሉ ወላጆች በዙ። ፖስተር ብንለጥፍ ኖሮ ይህን ያህል አይሠራም ነበር።

ስለ ሌሎቹም ኮሜንት ላይ የጠየቃችሁ ስላላችሁ ባጭሩ ልበል። ጆሮ ደግፍ ካበጠበት ቀን ጀምሮ 5 ቀን ቤት። ተቅማጥና ትውከት፣ ካቆመ በኋላ ሁለት ቀን። ተራ ትኩሳት፣ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሲያልፍ። እከክ ሕክምና በጀመረ ማግስት መመለስ ይቻላል፣ ቅባቱን ግን ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ካልተቀባ ልፋት ብቻ ነው። ቅማል ልጅ ከክፍል የሚያስወጣ ነገር አይደለም፣ ማታ ቤት ይታከም። ወባ ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ በመቀመጥ አይተላለፍም። እዚህ ሐይቅ ዳር እየኖርን እንኳ "ወባ ያለበትን ልጅ አታስገቡ" የሚል ወላጅ ሰምቻለሁ።

መስኮትም አለ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ስትከፍቺ የሚነሳውን "ብርድ መታን" ታውቂዋለሽ፣ ክፍል ውስጥም ያው ነው። ሐዋሳ ሙቀቷ እንደዚህ ሆኖ ልጆች ተጨናንቀው በተዘጋ ክፍል ይውላሉ። ክፈቱ በሏቸው። ውሃና ሳሙናም ጠይቂ። ኮሮና ገብቶ መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሲከፈቱ በየበሩ በእግር የሚረገጥ መታጠቢያ ቆሞ ነበር። አሁን አንዱን አበባ ተተክሎበት አይቼዋለሁ። ሳሙና ይሰረቃል ካሉሽ በአሮጌ ስቶኪንግ አድርገው ቧንቧው ላይ ይሰሩት። ወይ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሳሙና ውሃ በጥብጠው ክዳኑን ይብሱት፣ ያን የሚሰርቅ የለም።

ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩን ስታገኚ ሦስት ነገር ጠይቂ። ለጤና ጣቢያ አሳውቃችኋል? ለክፍሉ ወላጆች መልዕክቱ መቼ ይወጣል? ለቀሩት ልጆች ፈተና ይሰጣል? ዝም ካሉሽ አንቺው ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ንገሪያቸው፣ ባለሙያ ይልካሉ። እዚህ ኮሜንት ላይ "የማን ልጅ ናት?" ለሚሉሽ ግን አትመልሺ።

ሕፃኑንም ይዘሽ ሂጂ። 7 ወር ስለሆነው መደበኛው ክትባት አልደረሰም። ወረርሽኝ ሲኖር ግን ከ6 ወር ጀምሮ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፣ ያኔም በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው አይቀርም። እሱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እህቱ ክፍል ውስጥ ኩፍኝ እንዳለ ካልነገርሻቸው ግን ክብደቱን መዝነው ይሸኙሻል።