ሰሌዳው ከመቀረጹ በፊት

ለምሩቃን ኮሚቴ ወጣቶች፤

ዩኒቨርሲቲውን ለረጅም ዘመን ለመሩት ሰው 6 ኪሎ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ለማቆም ገንዘብ ማዋጣት መጀመራችሁ ደግ ነው። ገንዘቡ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስሕተት በፍሉድ አይጠፋምና እብነ በረድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት መዝገብ ቤት ሂዱ።

የሹመት ደብዳቤውን፣ የሴኔቱን ቃለ ጉባኤና የየዓመቱን የምረቃ መጽሔት ፈልጉ፤ ቢያንስ ሁለቱ ካልተስማሙ ዓመቱን አትያዙት። ስሕተት የሚበዛው ብዙ ያገለገለ ሰው ላይ ነው። መጀመሪያ ዲን፣ ቀጥሎ ምክትል፣ ከዚያ ለወራት ተጠባባቂ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት ይሆናል፤ የሰው ትዝታ ሁሉንም ጠቅልሎ ፕሬዚዳንት ያደርገዋል።

ምንጩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ወሩን ሳታውቁ ዓመቱን አትለውጡ። ከመስከረማችን እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር ማለቂያ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይቀነሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በዲሴምበር 1961 ነው፤ ይህም ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ነው። በችኮላ 8 የቀነሰ 1953 ይጽፋል። ታኅሣሥ 1953 ደግሞ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ የተደረገበት፣ የዛሬው የ6 ኪሎ ግቢ፣ ገነተ ልዑል፣ ገና ቤተ መንግሥት ሳለ ሹማምንት እዚያው የተገደሉበት ወር ነው። አንዲት ቁጥር ምን እንደምታመጣ ተመልከቱ።

የተቋሙም ስም ከዘመኑ ጋር ይሂድ። በ1943 ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ማዕረግም እንዲሁ ነው። ኮሌጁን ከጅምሩ የመሩት ካናዳዊው ሉሲየን ማት ጀስዊት ካህን ቢሆኑም በሥራቸው የታወቁት ዶክተር ማት ተብለው ነው። ሰሌዳው የሚቆምላቸውን ሰው ስም ሆሄ ደግሞ ከራሳቸው ፊርማ ውሰዱ፤ ሐመሩ ሐ ይሁን ሃሌታው ሀ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ጽሑፉን አሳጥሩ። 60 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ፣ ፊደሉ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ዙሪያውን 4 ሴንቲ ሜትር ባዶ ትታችሁ የሚገባው 8 መስመር፣ በጠቅላላው 30 ቃል ገደማ ነው። ስም፣ ሥልጣን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሰነድ የሚረጋገጥ አንድ ሥራ፤ በቃ። «ባለ ራእዩ»፣ «ታላቁ» የሚሉትን ለምረቃው ዕለት ንግግር ተዉአቸው። ሰሌዳው የሚቆምላቸው ሰው በሕይወት ካሉ ደግሞ የትውልድ ዓመት ጽፋችሁ ጎኑን ባዶ አትተዉ፤ ሞታቸውን የምትጠብቁ ያስመስላል። የአገልግሎት ዘመኑ ብቻ ይበቃል።

ፊደል አታሳንሱ። ቀ፣ ወ፣ ዐ በትንሹ ሲቀረጹ ቀለበታቸው መሐል ያለችው ድንጋይ ትፈነጠራለች፤ ያን ጊዜ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀራል። ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ስስ ከሆነ የሚነበበው በቀለሙ ብቻ ነውና የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀለሙን ስታነጣው ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። በፓወር ግዕዝ የጻፋችሁት ፋይል የቀራጩ ኮምፒውተር ላይ ሊዘበራረቅ ስለሚችል ፊደሎቹን ወደ ሥዕል ቀይራችሁ ላኩለት።

ዝናብ በቀጥታ ለሚመታው ቦታ ግራናይት ከነጭ እብነ በረድ ይሻላል። ነሐስ ውብ ነው፤ ነገር ግን ጥበቃ በሌለበት ከሰቀላችሁት መጨረሻው ቆራሌው ዘንድ ሊሆን ይችላል።

60 በ40 የሆነ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ 13 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ማጣበቂያ ብቻውን አይበቃውም። በአራቱ ማዕዘን፣ ከጠርዙ 4 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ የማይዝግ ብረት ካስማ ይግባበት። ተራ ብሎን ዝጎ ሲያብጥ ማዕዘኑን ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ቡናማ እንባ ያወርድበታል። ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ለቋል ማለት ነው፤ እዚያ አትስቀሉ። የቀድሞው ቤተ መንግሥት ሕንፃ ላይ ግን ከዩኒቨርሲቲውና ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ መሰርሰሪያ አታስጠጉ። ለብቻው በሚቆም የድንጋይ መደብ ላይ ብታደርጉት ከብዙ ጣጣ ትድናላችሁ።

ለግቢው ጽዳት ሠራተኞች አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ብቻ። የሽንት ቤት አሲድ እብነ በረድን አረፋ እያስደፈቀ ይበላዋል።

ቅርጹ ከመጀመሩ በፊት ጽሑፉን በልኩ በወረቀት አሳትማችሁ ቦታው ላይ ለጥፉት። ጠዋት 2 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ቆማችሁ አንብቡት፤ የዛፉ ጥላ የት እንደሚያርፍ ያን ጊዜ ይታያል። ከዚያ ቤተሰቡ፣ መዝገብ ቤቱና አንድ የአማርኛ መምህር ቃል በቃል አንብበው ይፈርሙበት። የተፈረመበትን ወረቀት ከቀራጩ ደረሰኝ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ።