መልስ፦ የጫት ገረባ ከሰል ይወጣዋል ወይ?

ኮምቦልቻ በየቀኑ የሚደፋው ገረባ (ከጫት ተርፎ የሚጣለው ቅጠልና እንጨት) ከሰል ይሆን እንደሆን ለጠየቅከው፣ አብሽር ወንድሜ፣ ይሆናል። መጀመሪያ ፌስታሉን ለቅመህ አውጣ፣ ገረባውን ስትሰብረው ቀጭ እስኪል ፀሐይ ላይ አሰጣው። እርጥቡን ካስገባህ ትርፍህ ጭስና የጎረቤት ስድብ ነው።

ዋናው ነገር አየር ነው። በርሜል ውስጥ ለኩሰህ በደንብ ሲያያዝ ክዳኑን ግጠምና ዙሪያውን በጭቃ ምረገው። አየር ካገኘ አመድ ይሆናል፣ ካጣ ይከስላል። በርሜሉ ፍጹም ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍተው፤ እንደገና ይነዳል።

የከሰለውን አድቅቀህ በቀጭን የበቆሎ ዱቄት ሙቅ ለውሰው። ጨብጠህ ስትለቀው ካልፈረሰ በቃው፤ ጠፍጥፈህ አድርቀው። ሸክላ አፈርም ያያይዛል፣ ርካሽም ነው፤ ሲበዛ ግን አመዱ ይበረክታል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ለጀበና ከሆነ እኔ ዱቄቱን እመርጣለሁ።

ደሴ ላሉት ዘመዶችህ ስትሰጥ ታዲያ ብርዱን ፈርተው በር ዘግተው እንዳያነዱት ንገራቸው። ከገረባም ይሠራ ከግራር፣ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል።