«አያመኝም፤ ግን እያደገ ነው»

የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎችና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ውድ ዶክተር፣ የምኖረው በሰሜን ወሎ ከመርሳ ከተማ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ዕድሜዬ 41 ዓመት ሲሆን የአራት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር እግሬን ስታጠብ በግራ ውስጥ እግሬ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ሽምብራ የምታህል ጠንካራ ነገር በእጄ ዳሰስኩ። ስላላመመችኝ ተውኳት። አሁን ከባቄላ በልጣለች፤ በላይዋ ያለው ቆዳም ጠቆር ብሏል። ጫማ ሳደርግ ትቆረቁረኛለች እንጂ ሕመም የሚባል የለኝም። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ እግሬን ሳያዩልኝ የሰባት ቀን እንክብል ሰጡኝ፤ ጨረስኩት፤ ለውጥ የለም። ጎረቤቴ «ዝሆኔ እንዳይሆን፣ ለሰው አትንገሪ» ትለኛለች። ወጌሻው «በእሽት ትሟሟለች» ይላል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ በምላጭ ቢከፈት መግሉ ወጥቶ ይድናል ባይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ማሽላ ስናጭድ በዚያው እግሬ የግራር እሾህ ገብቶ ግማሹ እንደቀረ አስታውሳለሁ፤ ይገናኝ አይገናኝ ግን አላውቅም። እኔ የምፈራው ካንሰሩን ነው። የት ልሂድ? ሄጄስ ምን ልበል?

የመርሳ አካባቢ አንባቢ

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ በአገርዎ አባባል በቅድሚያ «አብሽሩ» ልበልዎት፤ እግር ላይ የሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ያነበብኩት ግን «አያመኝም» ባሉት ቃል ምክንያት ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊት ተጉዞ ይመጣል፤ እግሩ ላይ የማያምም እብጠት የሚያድግበት ሰው ግን አዝመራው እስኪሰበሰብ፣ ከዚያም ልጁ እስኪዳር፣ ከዚያም ክረምቱ እስኪወጣ እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርዎት በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነው፤ እስከዚያውም እብጠቱን ማንም አይሸው፣ ማንም አይተኩሰው፣ በምላጭም የሚነካው አይኑር።

እብጠቱን በዓይኔ ሳላይና በእጄ ሳልዳስስ ስም ልሰጠው አልችልም፤ አንድ ሐኪም ምን ምን እንደሚያስብ ግን ልግለጽልዎት። በእግር ጀርባና በቁርጭምጭሚት ዙሪያ በብዛት የሚታየው ጋንግሊዮን የሚባለው ነው። ይህ ከመጋጠሚያ ወይም ከጅማት ሽፋን የሚወጣ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የወፈረ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሲሆን፣ አንዳንዴ ይተልቃል፣ አንዳንዴ ያንሳል፣ በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ሲበራበትም ብርሃን ያሳልፋል። የእርስዎ ግን በውስጥ እግር ጎድጓዳ ቦታ የወጣ ነው። በዚያ ቦታ ከተረከዝ ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ጠንካራ የጅማት ንጣፍ አለ፤ በእርሱ ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ጠጣር ጉብታ ሊወጣ ይችላል። የስብ እብጠት፣ ከቆዳ ሥር የተቋጠረ ከረጢት፣ ወይም ተቀብሮ በቀረ የእሾህ ስባሪ ዙሪያ የተፈጠረ ጉብታም ሊሆን ይችላል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ በደብዳቤዎ መጨረሻ «ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም» ብለው ያለፉት እሾህ ነው። ማይሴቶማ፣ በሌላ ስሙ የማዱራ እግር፣ የሚባል በሽታ አለ። በአፈርና በእሾህ ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ፈንገሶች ወይም ባክቴሪያዎች በተወጋ ቆዳ በኩል ይገቡና ከቆዳው ሥር ሆነው በወራትና በዓመታት ሂደት፣ ያለ ትኩሳትና ያለ ሕመም፣ ጠንካራ እብጠት ይሠራሉ። ሰው የተወጋበትን ቀን በሚረሳበት ጊዜ እብጠቱ ይወጣል፤ ስለዚህም ሁለቱን የሚያገናኝ ጥቂት ነው። በሽታው የሚበዛው ከ15 ዲግሪ ደቡብ እስከ 30 ዲግሪ ሰሜን ባለው ሞቃታማና እሾሃማ የዓለም ክፍል ሲሆን፣ አገራችንም ጎረቤታችን ሱዳንም በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። በካርቱም ለዚህ በሽታ ብቻ የተቋቋመ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራ ጀምሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት በተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያካተተው ግን በ2016 ነው። በመካከሉ 25 ዓመታት አለፉ። በአብዛኛው ገበሬንና እረኛን የሚይዝ በሽታ ይህን ያህል ዘመን ችላ መባሉ ዛሬም ያሳዝነኛል።

እብጠቱ ሲቆይ በላዩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈቱና ፈሳሽ ያወጣሉ፤ በፈሳሹ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ቅንጣቶች ይታያሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ለሐኪሙ ትልቅ ምስክር ናቸው፤ ጥቁር ከሆኑ ምንጩ ፈንገስ መሆኑን፣ ቀይ ከሆኑ ባክቴሪያ መሆኑን ያመለክታሉ፣ ነጭ ወይም ቢጫ ከሆኑ ግን ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ስለሚችል በቤተ ሙከራ መለየት አለበት። ልዩነቱ ለእርስዎ ብዙ ትርጉም አለው፤ የባክቴሪያው ዓይነት ለወራት በሚወሰድ ተገቢ መድኃኒት በጥሩ ሁኔታ ይድናል፣ የፈንገሱ ዓይነት ግን ኢትራኮናዞልን የመሰለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድን፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ጥገናን ይጠይቃል። የሰባት ቀኑ እንክብል ለሁለቱም አይበቃም፤ እግርን ሳያዩ የታዘዘ መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ካዩ የነካውን ፋሻ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ሳያጥቡ አጣጥፈው ለሐኪሙ ይውሰዱለት። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ገና ትንሽ ሳለ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ከተተወ ግን ወደ አጥንት ዘልቆ እግርን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ማይሴቶማ አለብዎት ለማለት አይደለም፤ ብዙ እሾህ ወግቶ ምንም ሳያስከትል ያልፋል። ነገር ግን የእሾሁን ነገር ሳይነግሩት ሐኪሙ በሽታውን ላያስበው ይችላል።

ጎረቤትዎ ስለ ዝሆኔ የነገሩዎት ለእርስዎ የሚስማማ አይመስለኝም። በደጋው አገራችን የሚታየው ዝሆኔ በብዛት የሚመጣው ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው፤ የሚጀምረውም ከጣቶችና ከእግር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ያሳብጣል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ እንደ ባቄላ በአንድ ቦታ ተቋጥሮ አይቀመጥም። «ለሰው አትንገሪ» የሚለው ምክር ግን ከበሽታው ይልቅ ያስፈራኛል። ዝሆኔም ቢሆን እርግማን አይደለም፣ የአፈሩም ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና በመታጠብ፣ ቅባት በመቀባትና ጫማ በማድረግ ብዙ መሻሻል የሚታይበት ነው።

ስለ ካንሰር ላቀረቡት ጥያቄ፣ በእግር ሥጋ ውስጥ የሚነሣ ካንሰር ብርቅ ነው፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ፣ በፍጥነት የሚያድግ፣ በጥልቀት የተቀመጠና ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር የተጣበቀ፣ ሌሊት የሚያነቃ ሕመም ያለው ወይም ቆዳው ቆስሎ የማይድን እብጠት ሲሆን ግን ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልገውም። በብሽሽት የሚወጣ ንፍፊት ከተራ ቁስልም ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም ካለዎት ይናገሩ። እግር ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር መልክ ያላቸው ብዙ ጉብታዎች ሲወጡ ሐኪም ካፖሲ ሳርኮማ የተባለውን ካንሰር ስለሚያስብ የኤችአይቪ ምርመራ ሊያዝዝ ይችላል፤ ቢጠየቁ አይደንግጡ፣ የምርመራው ሥርዓት አካል ነው።

አሁን ወደ ምላጩ ልመለስ። በሥራ መጀመሪያ ዘመኔ አንድ ወጣት ገበሬ በውስጥ እግሩ ላይ ትንሽ እብጠት ይዞ መጣ። ቀላል መስሎኝ አደንዝዤ ቆረጥኩለት፤ የቆረጥኩትንም ሥጋ ወደ ምርመራ ሳልልክ ጣልኩት። ከዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ሰፍቶና ጠልቆ ተመለሰ፤ መጀመሪያ ምን እንደነበር የሚነግረን ነገር አልነበረንም፤ ሕክምናውም በብዙ እጥፍ ከባድ ሆነበት። ያንን ወጣት እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። የተማረ እጅ እንኳ ናሙና ሳይልክ ሲቆርጥ እንዲህ ከበደለ፣ የቤት ምላጭ የሚያደርሰውን ያስቡት። ወጌሻዎ ለወለምታ ያላቸውን ልምድ አከብራለሁ፤ ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት ግን በእሽት አይሟሟም፣ እንዲያውም ሊቆጣ ይችላል።

የት ልሂድ ላሉት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይዘው በአካባቢዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ የሚላኩት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የቆዳ ሐኪም የሚፈልግ ከሆነ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌና ለቆዳ በሽታ ሕክምና ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ለትልቅ ቀዶ ጥገና ደግሞ የደሴው ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ራጅ ቢታዘዝልዎት አጥንቱ መነካት አለመነካቱን ለማየት ነው፤ የእሾህ ስባሪ በራጅ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይታይ «ራጁ ንጹሕ ነው» ቢባሉ እንኳ አልትራሳውንድ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ቀጥሎ በቀጭን መርፌ ወይም በትንሽ ቅዳጅ ናሙና ይወሰዳል።

ሲገቡ የሚናገሩት አጭር ይሁን፦ መቼ እንዳገኙት፣ ከምን ተነሥቶ ምን እንዳከለ፣ እሾሁ መቼና የት እንደወጋዎት፣ የትኛውን መድኃኒት ለስንት ቀን እንደወሰዱ። የእንክብሉን ባዶ ማሸጊያ ካልጣሉት ይዘውት ይሂዱ። ልጆችዎ ስልክ ካላቸው ከእብጠቱ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አድርገው ፎቶ ያንሱልዎት፤ ከወር በኋላ ተመሳሳይ ፎቶ ሲነሣ ማደጉን ወይም አለማደጉን ያለ ክርክር ያሳያል። ናሙና ከተወሰደም የት እንደሚላክና ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቀው በወረቀት ያስጽፉ፤ ብዙ ሰው ናሙና ሰጥቶ ውጤቱን ሳይወስድ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው፤ ሹፌር ነኝ። የእናቴ ዕድሜ 66 ዓመት ነው። በተረከዟ ላይ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ጥቁር ነጥብ ነበረባት፤ በየዒዱ እንሶስላ ስለምትሞቅ የእንሶስላው ቀሪ መስሎን ነበር። አሁን ከቆዳው ከፍ ብሎ ጉብታ ሆኗል፤ አንዳንዴም ይደማል። እርሷ ጫማ ነው የጎዳኝ እያለች ሐኪም ቤት እምቢ ብላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእናትዎ ጉዳይ ከላይኛው ይልቅ አጣዳፊ ነው። እንሶስላ የቀለመው ቆዳ እየታደሰ ሲሄድ ቀለሙ ይለቃል እንጂ ሁለት ዓመት በአንድ ነጥብ ላይ አይቆይም። በውስጥ እግር፣ በተረከዝ ወይም ከጥፍር ሥር የወጣ ጥቁር ምልክት ሲሰፋ፣ ጠርዙ ሲዛነፍ፣ ከፍ ሲልና ሲደማ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር እንዳይሆን መመርመር አለበት። ብዙ ሰው ይህ ካንሰር ነጮችን ብቻ የሚይዝ ይመስለዋል፤ በእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት የሚወጣው ግን ፀሐይ በማያገኘው በእጅና በእግር መዳፍ ላይ ነው። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው በሽታ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የእግር ኳስ ጉዳት ተደርጎ ታስቦ ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ይህን የምነግርዎት እናትዎን እንዲያስፈራሩበት አይደለም። ካንሰር መሆኑ ገና አልታወቀም፤ ኪንታሮት፣ ከቆዳው ሥር የደም መቋጠር ወይም የቆየ ቁስል ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ነገር ግን ቀጭን ሳለ ተቆርጦ የወጣ ሜላኖማ የመዳን ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ይህም ዕድል በየወሩ እየጠበበ ይሄዳል። ለእናትዎ «ካንሰር ነው» ከማለት ይልቅ «እማዬ፣ የሚደማ ነገር እያየሁ መንገድ ላይ ተረጋግቼ መንዳት አልቻልኩም፤ ለእኔ ብለሽ እንሂድ» ይበሏቸው፤ እናት ለራሷ የማታደርገውን ለልጇ ታደርጋለች። ጠዋት ራስዎ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ጤና ጣቢያውም «ቅባት ቀብተው ይመለሱ» ቢላችሁ መድማቱንና ማደጉን ነግረው ወደ ቆዳ ወይም ወደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ሪፈር እንዲጻፍላችሁ በትሕትና ግን በጽናት ይጠይቁ። ሐኪሙ ቆዳውን በራሱ መልክ እንዲያየው እስከዚያ ቀን ድረስ አዲስ እንሶስላ እንዳይሞቁ ይንገሯቸው፤ ሁለተኛውን እግራቸውንና የጣቶቻቸውንም ጥፍሮች አብረው ያሳዩ።